መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያነብም፦ ዩኤስቢ መለየት ስላቆመ ኮምፒውተር የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አላቸው። ከአንድ ሳምንት ወዲህ ፍላሽም ሆነ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ፕሪንተር ሲሰኩበት አያነብም። የፍላሹ መብራት ይበራል፤ አንዳንዴ በስክሪኑ ጥግ ላይ የተሰካው ዕቃ እንዳልታወቀ የሚገልጽ መልእክት ብቅ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ድምፅም መልእክትም የለም። ማውሱና ኪቦርዱ ግን ያለ ችግር ይሠራሉ። አንድ የሚያውቁት ሰው ዊንዶውሱን አጥፍተው እንደ አዲስ እንዲጭኑ መክሯቸዋል፤ እርሳቸውም ወደዚያ ከመግባታቸው በፊት ሌላ መንገድ እንዳለ ማወቅ ይፈልጋሉ።

በቅድሚያ ዊንዶውሱን አያጥፉት። ይህን የምለው ዊንዶውስን እንደገና መጫን ፈጽሞ አይረዳም ለማለት ሳይሆን፣ ከገለጿቸው ምልክቶች አብዛኞቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያመለክቱ ነው። ጥፋቱ ከመሰኪያው፣ ከኬብሉ ወይም ከኤሌክትሪኩ ከሆነ ዊንዶውሱ አሥር ጊዜ ቢጫንም ፍላሹ አይነበብም፤ እስከዚያው ግን የጫኗቸውን ፕሮግራሞችና ያስተካከሏቸውን ነገሮች ሁሉ፣ ካልተጠነቀቁም ፋይሎችዎን ጭምር ያጣሉ። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከዊንዶውስ ውስጥ ነው ወይስ ከዊንዶውስ ውጭ የሚለውን መለየት ከሁሉም ይቀድማል፤ ይህንን ደግሞ ያለ ምንም ልዩ መሣሪያ ቤትዎ ተቀምጠው ሊያደርጉት ይችላሉ።

ለመለየት እንዲመች፣ አንድ ዕቃ ሲሰካ ምን እንደሚከናወን ማወቅ ይጠቅማል። ዕቃው መጀመሪያ ከመሰኪያው የ5 ቮልት ኤሌክትሪክ ያገኛል። ቀጥሎ ከሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች አንዱን በትንሽ ሬዚስተር አማካኝነት ወደ 3.3 ቮልት ከፍ ያደርገዋል፤ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር እንደተሰካ የሚያውቀው በዚህ ምልክት ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ዕቃውን ሪሴት አድርጎ ማንነቱን ይጠይቀዋል፣ ከ1 እስከ 127 ካሉት አድራሻዎች አንዱን ይሰጠዋል፣ የአምራቹንና የዕቃውን መለያ ቁጥር ይቀበላል። ዊንዶውስም በዚያ ቁጥር መሠረት የሚስማማውን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ዕቃው ፍላሽ ወይም ዲስክ ከሆነ በመጨረሻ የውስጡ አከፋፈል ተነብቦ የድራይቭ ፊደል ይሰጠዋል። እኛ በአንድ ቃል «አላነበበም» የምንለው ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ የቆመውን ሁሉ ነው፤ የቆመበት ደረጃ ሲለያይ ግን መፍትሔውም ፈጽሞ ይለያያል።

አሁን የእርስዎን ምልክቶች በዚህ መልክ እንያቸው። የፍላሹ መብራት መብራቱ የሚያረጋግጠው 5 ቮልቱ መድረሱን ብቻ ነው፤ ስለ መረጃ ሽቦዎቹ ምንም አይናገርም። ብዙ ሰው መብራቱን አይቶ መሰኪያው ደህና ነው ብሎ ይደመድምና ወደ ድራይቨር ፍለጋ ይገባል፤ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዕቃው እንዳልታወቀ የሚናገረው መልእክት ደግሞ ኮምፒውተሩ የመሰካቱን ምልክት አግኝቶ፣ ማንነቱን ጠይቆ፣ የሚረባ መልስ ሳያገኝ እንደቀረ ያሳያል። በሌላ አነጋገር መሰኪያዎቹን የሚያስተዳድረው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ማለትም የዩኤስቢው ተቆጣጣሪ፣ በሕይወት አለ፤ ይህ መልካም ዜና ነው። ድምፅም መልእክትም በሌለበት ጊዜ የመሰካቱ ምልክት ራሱ አልደረሰም ማለት ነው። ሁለቱ እየተቀያየሩ መታየታቸው፣ አንዴ እየነካ አንዴ የሚለቅ ግንኙነት ወይም አንዴ የሚበቃ አንዴ የሚያንስ ኤሌክትሪክ እንዳለ እንድጠረጥር ያደርገኛል።

ማውሱና ኪቦርዱ መሥራታቸው ይህንን ጥርጣሬ አያፈርሰውም። ማውስና ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት በዝቅተኛው የዩኤስቢ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 1.5 ሜጋ ቢት ነው፤ በዩኤስቢ 2.0 የሚሠራ ፍላሽ ግን እስከ 480 ሜጋ ቢት ይሄዳል። ዝገት የያዘ ወይም ላላ ያለ መሰኪያ ለዝቅተኛው ፍጥነት በቂ ሆኖ ለከፍተኛው ላይበቃ ይችላል። የሚወስዱት ኤሌክትሪክም አይወዳደርም። ስለዚህ ማውሱ ይሠራል ማለት መሰኪያው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ የመጀመሪያው እርምጃ ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ማላቀቅ ነው። ዝም ብሎ አጥፍቶ ማብራት ለዚህ አይበቃም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ በገባው ፋስት ስታርታፕ በተባለው አሠራር መሠረት፣ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የዊንዶውሱ እምብርትና ድራይቨሮቹ የነበሩበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሲበራ ተመልሶ ይጫናል፤ የተዛባ ነገር ካለም አብሮ ይመለሳል። በዚህ ረገድ ሪስታርት ማድረግ ዘግቶ ከማብራት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ብዙ ዴስክቶፖች ተዘግተውም ቢሆን ለዩኤስቢ መሰኪያዎቻቸው 5 ቮልት መስጠት ይቀጥላሉ፤ ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላ የማውሱ መብራት ሳይጠፋ የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ኮምፒውተሩን ይዝጉት፣ የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች በሙሉ ይንቀሉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉት፣ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙት። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ገመዱን ይመልሱ፤ ኪቦርድና ማውስ ብቻ ሰክተው ያብሩትና ፍላሹን ከኋላ በኩል ካሉት መሰኪያዎች በአንዱ ይሞክሩት። ቀላል ስለሆነ የሚናቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን የተንጠለጠለ ተቆጣጣሪን ወደ ጤናው የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከኋላ ይሞክሩ ያልኩት በከንቱ አይደለም። የኋላዎቹ መሰኪያዎች በቀጥታ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የተበየዱ ናቸው፤ የፊተኞቹ ግን በሳጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ኬብል ከማዘርቦርዱ ጋር የተገናኙ ስለሆኑ፣ ያ ኬብል ሲላላ ወይም ሲጎዳ ይበላሻሉ። የኋላዎቹ ሠርተው የፊተኞቹ እምቢ ካሉ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው፤ ሳጥኑን ከፍቶ ኬብሉን ነቅሎ በትክክል መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ካልሠራ ማፈራረቅ ይጀምሩ፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ያንኑ ፍላሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት፤ ሌላ ደህና መሆኑ የታወቀ ፍላሽ ደግሞ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩ። ከዚያ ማውሱን ነቅለው ፍላሹን ባላነበበው መሰኪያ ላይ ማውሱን ይሰኩት፣ ፍላሹን ደግሞ ማውሱ በነበረበት ያስገቡት። ኬብሉን፣ መሰኪያውንና ድራይቨሩን ባንዴ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳስተካከለው አያውቅም፤ ችግሩ ሲመለስም ከዜሮ ይጀምራል። ከወረቀት ላይ ሁለት መስመር አስምረው የትኛው ዕቃ በየትኛው መሰኪያ እንደሠራና እንዳልሠራ ቢመዘግቡ፣ ከጥቂት ሙከራ በኋላ መልሱ ራሱ ይታይዎታል።

ቀጥሎ መሰኪያዎቹን በዓይንዎ ይመርምሩ። ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ሲመለከቱ፣ እንደ ምላስ የወጣች ትንሽ የፕላስቲክ ሰሌዳና በላይዋ የተደረደሩ ወርቃማ ብረቶች ያያሉ። ዩኤስቢ 2.0 ከሆነ ብረቶቹ 4 ናቸው፤ ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት የኤሌክትሪክ፣ መካከለኞቹ ሁለቱ የመረጃ ናቸው። በዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ ላይ ከእነዚህ በስተኋላ ሌሎች 5 ይጨመራሉ። ከብረቶቹ አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ፣ ተጣሞ፣ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከሆነ፣ ወይም ምላሷ ወደ አንድ ጎን ካዘመመች፣ በዚያ መሰኪያ ላይ ድጋሚ ምንም ነገር አይሰኩ።

ይህንን አጥብቄ የምናገረው በእጄ ካለፈ አንድ ኮምፒውተር በመነሣት ነው። ባለቤቱ ዊንዶውሱን ሁለት ጊዜ አስጭነው ነበር፤ ከተጫነ በኋላም ከፊት ያሉት ሁለቱ መሰኪያዎች አንዱንም ዕቃ አይቀበሉም፣ አልፎ አልፎም በመሰኪያው ላይ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ እንደታየ የሚያስጠነቅቅ መልእክት ይመጣ ነበር። ወደ መሰኪያዎቹ በመብራት ስመለከት አንደኛው ፍጹም ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው ውስጥ ግን የ5 ቮልቱ ብረት ከቦታው ተነቅሎ ጫፉ ወደ ላይ ተጠምዝዟል፤ ጫፉም የመሰኪያውን የብረት ሽፋን ነክቶ ቆሟል። ሽፋኑ ከመሬት መስመሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በቀጥታ እየተገናኘ፣ መከላከያው ደግሞ እየዘጋው ነበር። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለት ጎረቤት መሰኪያዎች አንድ መከላከያ ስለሚጋሩ፣ የአንዱ ጉዳት ንጹሑንም አብሮ ዘግቶታል። የተጣመመውን ብረት በጥንቃቄ አንሥቼ ሳወጣው፣ ጎረቤቱ መሰኪያ ወዲያውኑ መሥራት ጀመረ። ሁለቱም ጭነቶች በከንቱ የወጣ ድካም ነበሩ።

ስለ ኬብል የምለው አጭር ነው። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ኬብሎች አሉ፤ በውስጣቸው የመረጃ ሽቦዎቹ ጭራሽ የሉም፤ ስለዚህ መብራት ያበራሉ፣ ስልክም ይሞላሉ፣ መረጃ ግን አያሳልፉም። የፕሪንተሩን ኬብል ሌላ ፕሪንተር ወይም ስካነር ላይ ሲሠራ ባዩት ኬብል ይተኩት። ዩኤስቢ 2.0 ከ5 ሜትር የረዘመ ኬብል እንዲሸከም አልተሠራምና ማራዘሚያ ቀጥለው ከሆነ ያውጡት።

የኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ከሁሉም ዕቃዎችዎ በላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው እርሱ ነውና። አንድ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በደንቡ መሠረት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፔር ነው። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ለአፍታ ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሚደርሰው ቮልት በዚያች ቅጽበት ዝቅ ካለ ዲስኩ ይነሣና ይወድቃል፣ ይነሣና ይወድቃል። ጆሮዎን ቀረብ ቢያደርጉ ጭልጥ ያለ ጸጥታ፣ አጭር መሽከርከር፣ ቀጥሎም ጠቅ የሚል ድምፅ እየተደጋገመ ይሰማዎታል። የራሱ የኤሌክትሪክ አስማሚ በሌለው ሃብ (አንዱን መሰኪያ ወደ ብዙ በሚያበዛ ዕቃ) ላይ ሰክተውት ከሆነ ደግሞ ያንኑ የአንድ መሰኪያ ኤሌክትሪክ ከሌሎች ጋር እንዲካፈል አድርገውታል። በቀጥታ ከኋላ ይሰኩት፤ ካልሆነም የራሱ አስማሚ ባለው ሃብ ይሞክሩት። በኋላ መሰኪያም፣ በሌላ ኮምፒውተርም ጠቅታው ከቀጠለ ግን ሙከራውን ያቁሙ፤ የዲስኩ የውስጥ ክፍል እየተጎዳ ሊሆን ይችላልና እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ በውስጡ ያለውን ፋይል ለአደጋ ያጋልጣል። ዴስክቶፕ ላይ ሁሉም ኤሌክትሪክ የሚፈልጉ ዕቃዎች አንድ ላይ መሥራት ሲያቆሙ ደግሞ፣ ሳጥኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ መድከሙንም ማሰብ ይገባል፤ ጠጋኝ በመለኪያ ሲለካው መሰኪያው ላይ ያለው ቮልት ከ4.75 በታች ከወረደ ምስክርነቱ በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው የመለያ ፈተና እንምጣ። ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት፣ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ ቀድሞ ወደሚነሣው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ይግቡ፤ እንደ አምራቹ ሁኔታ ዲሊት፣ ኤፍ 2 ወይም ሌላ ቁልፍ ይጫናል። ኪቦርዱን እምቢተኛ በሆነው መሰኪያ ላይ ሰክተው በቀስት ቁልፎቹ መንቀሳቀስዎን ያረጋግጡ፤ ከዚያም ፍላሹን ሰክተው እንደገና አብርተው በማስነሻ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ መኖሩን ይመልከቱ። የፍላሹ ስም እዚያ ላይ በየጊዜው ሳይጠፋ ከታየ፣ ኤሌክትሪኩም ግንኙነቱም ደህና ነውና ጥፋቱ በዊንዶውስ ውስጥ ነው። አንዳንድ ኮምፒውተሮች መነሻ ፋይል የሌለውን ፍላሽ በዝርዝሩ አያሳዩም፤ ስለዚህ በአንድ ፍላሽ አለመታየት ብቻ ተነሥተው አይፍረዱ። በባዮሱ ውስጥ ሳሉ የዩኤስቢ መሰኪያዎቹ እንዳይሠሩ ተዘግተው እንደሆነም ይመልከቱ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ወይም ሌላ ሰው ሲነካካው ምርጫዎቹ ሊለወጡ ይችላሉ።

ፈተናው ወደ ዊንዶውስ ካመለከተ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ዲቫይስ ማኔጀርን፣ ይክፈቱና ከታች ያለውን የዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ ክፍል ይዘርጉት። መስኮቱ እንደተከፈተ ፍላሹን ይሰኩና ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ ዝርዝሩ ብልጭ ብሎ ከታደሰ ዊንዶውስ መሰካቱን አውቋል፣ ንቅንቅ ካላለ ግን ምልክቱ አልደረሰውም። ቢጫ ምልክት ያለበትን ስም ሁለቴ ተጭነው የሚታየውን የኮድ ቁጥር ያንብቡ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፤ ኮድ 22 ዕቃው በእጅ ተዘግቷል ማለት ነውና እዚያው ማስከፈት ይበቃል፤ ኮድ 10 ዕቃው መነሣት አልቻለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ኮድ 43 ነው፤ ዕቃው ችግር እንዳለበት ስላሳወቀ ዊንዶውስ አቁሞታል ማለት ነው። ኮድ 43 ከማንነት ጥያቄ መክሸፍ ጋር አብሮ ከተጻፈ ዕቃው ራሱን ሳያስተዋውቅ ቀርቷልና፣ ድራይቨር ከማውረድዎ በፊት ወደ ኬብሉና ወደ መሰኪያው አንድ ጊዜ ተመልሰው ይመልከቱ።

ድራይቨሮቹን ለማደስ፣ ያልታወቀውን ዕቃ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው አንኢንስቶል ያድርጉት። ከቪው ምናሌ የተደበቁ ዕቃዎችን የሚያሳየውን ምርጫ ሲመርጡ የሚወጡትን ፈዘዝ ያሉ የድሮ ፍላሾችና ዲስኮች ስም እንዲሁ ያጥፉ። ይህ ካልበቃ ሩት ሃብና ሆስት ኮንትሮለር የሚሉትን አንድ በአንድ አንኢንስቶል ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን ሲያደርጉ ማውሱና ኪቦርዱም በዚያው መንገድ የሚሄዱ ስለሆኑ መሃል ላይ ቀጥ ሊሉ ይችላሉ። አይደንግጡ። የተከፈተ ሥራዎን አስቀድመው ያስቀምጡና፣ ከቆሙ የማብሪያውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካ አድርገው እንዲዘጋ ካደረጉ በኋላ መልሰው ያብሩት፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ሁሉንም ራሱ መልሶ ይጭናቸዋል።

ዕቃው ሲነሣ ሠርቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የተደረገው አሠራር ሊሆን ይችላል። በየሩት ሃቡ ፕሮፐርቲስ ውስጥ፣ በፓወር ማኔጅመንት ገጽ፣ ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡት፤ በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥም ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን ይዝጉት። ችግሩ የጀመረው የዊንዶውስ አፕዴት በገባ ማግስት ከሆነ የቅርቡን አፕዴት ማውጣት ወይም ቀደም ወዳለ ሪስቶር ፖይንት መመለስ ይቻላል። ለማዘርቦርዱ የሚሆነውን የቺፕሴት ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ ብቻ ያውርዱ። ድራይቨር በሙሉ እናድስልዎ ከሚሉ ፕሮግራሞች ይራቁ፤ የማይስማማ ድራይቨር ጭነው አንዱን ችግር ሦስት ሲያደርጉት ደጋግሜ አይቻለሁ።

የመሰካት ድምፁ እየተሰማ ፍላሹ ወይም ዲስኩ ከፋይል መስኮቱ ላይ ብቻ የማይታይ ከሆነ፣ ጉዳዩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ዲስክ ማኔጅመንትን ይክፈቱ፤ ዲስኩ እዚያ ካለና ፊደል ከሌለው ፊደል ይስጡት፤ ኦፍላይን ከሆነ ኦንላይን ያድርጉት። ሮው (አከፋፈሉ ያልተነበበ) ብሎ ካሳየዎት ወይም ዊንዶውስ ፎርማት እናድርገው ወይ ብሎ ከጠየቀዎት ግን እባክዎ እሺ አይበሉ። አከፋፈሉ ተበላሽቶ ፋይሎቹ ገና በቦታቸው ሊኖሩ ይችላሉ፤ በመጀመሪያ ፋይሎቹን ማዳን፣ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ የኋላ መሰኪያዎችም በባዮስ ውስጥ ጭምር እምቢ ካሉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ዴስክቶፕ ስለሆነ ማዘርቦርዱን መቀየር ግድ አይሆንብዎትም፤ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ ካርድ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ስላለው አዲስ መሰኪያዎች ይሰጥዎታል።

ሙከራዎቹን ሲጨርሱ መልሰው ይጻፉልኝ፤ ሲጽፉም ሦስት ነገሮችን ይንገሩኝ። ኪቦርዱ በእምቢተኛው መሰኪያ ላይ በባዮስ ውስጥ ሠራ ወይስ አልሠራም፣ ፍላሹ ሲሰካ የዲቫይስ ማኔጀር ዝርዝር ታደሰ ወይስ ንቅንቅ አላለም፣ ቢጫ ምልክት ካለም የኮዱ ቁጥር ስንት ነው። እስከዚያው ኤክስተርናል ዲስኩን ከዚህ ኮምፒውተር ነቅለው ያቆዩት።